አንቴናውን ማን አዞረው?

አናጢው ከቤቱ ሰገነት ወድቆ፣ በግቢው ሲሚንቶ ላይ በጎኑ እንደተኛ ተገኘ። አንድ እጁ ደረቱ ሥር ታጥፏል፤ ሌላው ወደ በሩ ተዘርግቷል። ነፋሱ ከጠዋት ጀምሮ አላረፈም ነበርና ከጓሮ የተላቀቀ ቆርቆሮ ያለማቋረጥ ይንቋቋል። በድምፁ ያልተበሳጨ አልነበረም፤ ተነሥቶ የሚያስረው ግን አልተገኘም።

ሳጅኑ ጉዳዩን በልቡ ዘግቶታል። መርማሪዋ ከመኪናዋ ሳትወርድ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ ነገራት።

«አደጋ ነው፣ ኢንስፔክተር። ኢንተርኔት ጠፋበት፣ አንቴና ሊያስተካክል ወጣ፣ ነፋስ ጣለው። መስማት የማይችል ሰው ነው፤ ተጠንቀቅ ቢሉትም አይሰማ።»

«ኢንተርኔት እንደጠፋበት ማን ነገረህ?»

«ታናሽ ወንድሙ። አብረው ነው የሚኖሩት።»

«እንግዲያው አንተ አደጋህን ያዝ፤ እኔ ሰዎቹን ላነጋግር።»

በመምሪያው «ወንፊት» ይሏታል። የተነገራትን ሁሉ ዝም ብላ ታሳልፋለች፤ ያላለፈው ጠጠር ግን እጇ ላይ ይቀራል። ከሃምሳ ዘለል ያለች፣ ቀጠን ያለች፣ መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ናት። ወንበር ሲያቀርቡላት «ቆይ፣ ቆይ» ትልና ሳትቀመጥ ትወጣለች።

አስከሬኑ አጠገብ ተንበረከከች። የሸሚዙ እጅጌ ላይ የጣውላ ብናኝ አለ። ኪሱ ውስጥ ሜትር፣ በቢላ የተቀረጸ እርሳስና በሥርዓት የታጠፈ መሐረብ አገኘች። የብሎን መፍቻ ግን የለም፤ ኪሱ ውስጥም፣ አካባቢውም የለም።

በጠባቡ የሲሚንቶ ደረጃ ወደ ሰገነቱ ወጣች። የዳር ግንቡ ከጉልበት አይበልጥም። አንድ ትልቅ የውሃ ታንከር ጥጉን ይዟል። ከግንቡ ጋር በብረት ማቀፊያ የታሰረ ቱቦ ቆሟል፤ ጫፉ ላይ የዓሣ አጥንት የመሰለ አንቴና ተሰክቷል። አንቴናው የሚያየው በኮረብታው አናት ላይ ወደቆመው ቀይና ነጭ የኔትወርክ ማማ ነው። ሳጅኑ ተከትሏት መጥቶ ነበር።

«ይኸው፣ ትክክል ተቀምጧል። አስተካክሎ ሲያበቃ ነው የወደቀው ማለት ነው።»

እሷ ግን የምታየው ማቀፊያውን ነበር። ብሎኖቹ እንደጠበቁ ናቸው። ቱቦው ላይ ቀለሙ ክብ ሆኖ ተፍቋል፤ የተፋቀው ብረት ገና ያበራል። ሽቦው ቱቦው ላይ ተጠምጥሞ ሊበጠስ እንደደረሰ ክር ተወጥሯል።

«ሳጅን፣ አናጢ ብሎን ሳይፈታ ነገር ያዞራል?»

«ቸኩሎ ይሆናል።»

«ይሆናል» አለችና ወረደች።

ታናሽ ወንድሙ ሳሎን ውስጥ በአገዳ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። የሰፈሩ ሰው «ጆሮ» ይለዋል። ከልጅነቱ ጀምሮ የወንድሙ ጆሮም አፍም እሱ ነው፤ በሩ ሲንኳኳ እሱ ይሰማል፣ ገበያ ሲወጡ እሱ ይጠይቃል፣ ሐኪም ቤት እሱ ያስረዳል። አናጢው ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጥ ያደገ ሰው ነው፤ ማንበብም መጻፍም አያውቅም። ሁለቱ የሚነጋገሩት እናታቸው ቤት ውስጥ ሳሉ በፈጠሩት የእጅ ምልክት ነው።

«እግዜር ያጽናዎት፣ ወንድሜ» አለች መርማሪዋ። «እንዴት ሆነ?»

«ምን እላለሁ? ስልኩን ይዞ መጣ። ያቺ ክብ ነገር ትሽከረከራለች፣ አልከፍት ብላለች። ‹ጠፋ› አለኝ በእጁ። ‹ተወው፣ ነፋስ ነው› አልኩት። እምቢ ብሎ ወጣ። እኔ ጓዳ ዕቃ እያጠብኩ ነበር። ከዚያ ድው የሚል ድምፅ ሰማሁ። ስወጣ...» እጁን አፉ ላይ አደረገ።

«ስልኩን ይዞ ነው ወደ ላይ የወጣው?»

«አዎ... እንጃ። ይዞ መሰለኝ።»

«አንቴናው ሲተከል እዚህ ነበሩ?»

«የለሁም። የአክስታችን ባል ሞቶ ለቅሶ ሄጄ ነበር። ስመለስ ተተክሎ አገኘሁት።» ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ አልሆነለትም። «ሳይነግረኝ ያደረገው የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው።»

መርማሪዋ መስኮቱ ጋ ሄደች፤ ተመለሰች፤ እንደገና ሄደች። «ልጅ አላቸው አይደል?»

«አንድ ሴት ልጅ አለችው። ሩቅ ከተማ ናት። አግብታለች። አባቷን እንኳ አትጠይቅም።» ድምፁ ደርቆ ነበር። «እንዴት አድርጌ ልንገራት? ሁሌም መጥፎ ነገር የማወራው እኔ ነኝ።»

«ግድ የለም፤ እኔ እነግራታለሁ።»

ሰውየው ቀና አለ። «አይ፣ አይ! እኔ አጎቷ እያለሁ ለምን እርስዎ...»

«ሥራዬ ነው» አለችና ወጣች።

በግቢው ጫፍ ባለችው አንድ ክፍል ውስጥ የምትኖረው ተከራይ በኢንተርኔት ሒሳብ የምታስጠና ወጣት ናት። ዓይኗ አብጧል። ጠረጴዛዋ ላይ ኮምፒዩተር፣ ነጭ ሰሌዳ፣ ከጎን ደግሞ የተሰካ ስልክ አለ።

«ይሄ ስልክ የማን ነው?»

«የአባባ ነው። የእሳቸው ክፍል ሶኬት ስለሚያስቸግር ቻርጅ የሚያደርጉት እኔ ዘንድ ነው። ጠዋት ነው ያመጡልኝ...» ስልኩን በጣቷ ነካ አደረገችው። «አልወሰዱትም።»

«ጠዋት ካመጡልሽ በኋላ ከዚህ አልተነሣም?»

«አልተነሣም።»

«የኔ እመቤት፣ አትቸኩይ። ሲወድቁ ምን ታደርጊ ነበር?»

«እያስጠናሁ። ተማሪዬ አንድ ጥያቄ እየሠራ ነበር። ከውጭ ድው አለ። ከጎረቤት ከባለ ፎቁ ሕንፃ የሲሚንቶ ከረጢት ሲጥሉ ሁሌም እንደዚያ ስለሚል ነገሬ አላልኩትም። ተማሪዬ ሠርቶ ጨረሰ፣ አረምኩለት፣ ሌላ ሰጠሁት። እሱን ሲጀምር ፊቱ ስክሪኑ ላይ ደርቆ ቀረ። ኔትወርኩ ጠፋ። ምን ሆነ ብዬ ብወጣ ጋሼ ጆሮ መሬት ላይ ተቀምጠው አባባን አቅፈው ያለቅሳሉ።»

መርማሪዋ መንጎራደዷን አቆመች። «ድምፁ በፊት፣ መጥፋቱ በኋላ?»

«አዎ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ተማሪዬን ይጠይቁት። እናቱም አጠገቡ ነበረች፤ ‹ምንድነው የጮኸው?› ብላኝ ነበር።»

አንቴናውን ያመጣችው እሷ ነበረች። ቤቱ ከቁልቁለቱ ሥር ተወሽቋል፤ ጎረቤቱ ፎቁን ሲጨምር ደግሞ የነበረው ኔትወርክም ታነቀ። ትምህርቷ በየመካከሉ ይቆረጣል። አናጢውም ልጁን በቪዲዮ ሊያይ ቢሞክር ምስሉ ይቆማል፤ ለሚሰማ ሰው ድምፅ ሊያልፍለት ይችል ይሆናል፤ በእጅ ለሚያወራ ግን እጅ ካልተንቀሳቀሰ ቃል የለም። ስለዚህ ቴክኒሻን ጠራች። አናጢው ራሱ ሰገነት ላይ ሆኖ ቱቦውን ሲያዞር፣ እሷ ግቢው ውስጥ የራውተሩን መብራት እያየች በጨርቅ ታመለክተው ነበር፤ ሲደክም ቀይ፣ ሲጠነክር አረንጓዴ።

«ጨርቁን ዛሬ ማን ያዘላቸው?»

አስጠኚዋ መሳቢያዋን ከፈተች። ሁለቱም ጨርቆች ታጥፈው ተቀምጠዋል። «ማንም» አለች ቀስ ብላ። «ያለ እኔ ወጥተው አያውቁም እኮ።»

«ከማን ጋር ይጣሉ ነበር?»

«ከባለ ፎቁ ጋር። አንቴናው የሚያልፍባትን ክፍተት በማስታወቂያ ሰሌዳ ሊዘጋት ነበር። አባባ ሄደው በእጃቸው ለመኑት፣ በምልክት አሳዩት። እሱ ደግሞ...» በአውራ ጣቷ አንገቷን የመቁረጥ ምልክት አሳየች። «እንደዚህ አላቸው። እኔ አይቻለሁ።»

ቴክኒሻኑ ተጠርቶ ሲመጣ ላብ አጥምቆት ነበር። አጭር፣ ምላሱ የማያርፍ ሰው ነው። ገና ደረጃው ላይ ሳለ ጀመረ።

«እኔ የተከልኩት አንቴና አይወድቅም! እኔ ያሰርኩት ብሎን ቤቱ ቢነቀል እንኳ አይነቀልም! በእኔ ላይ እንዳታላክኩ፤ የልጆች አባት ነኝ!» ሰገነቱ ላይ ደርሶ ቀና ሲል ግን ድንገት ዝም አለ። ቱቦውን ዙሪያውን ዞሮ አየው። «ማን ነው ወደዚህ ያዞረው?»

«ምን ችግር አለው? ማማው ያው ፊት ለፊት ነው» አለ ሳጅኑ።

«አዬ ጌታዬ! ፊት ለፊት ያለ ሁሉ ወዳጅ ነው እንዴ? እዚያ ማማ ላይ ሰፈሩ በሙሉ ተንጠልጥሏል። አንድ ቧንቧ ለአንድ መንደር በሉት፤ ወረፋው ሳይደርስህ ይመሻል። እኛ ያነጣጠርነው በሸለቆው ማዶ ባለው ላይ ነው። ከዚህ በዓይን አይታይም። በባለ ፎቁ ሕንፃና በዚያ ዛፍ መካከል ያለችው ክፍተት፣ ያቻትልዎ፤ በእሷ ነው የሚገባው። ሟች ነፍሱን ይማረው፣ ቱቦውን ጣት ጣት እያከለ ሲያዞር ውሎ ነው ያገኘናት። ከዚያ በእርሳስ ምልክት አደረገባት። ይኸው እርሳሱ።»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ አየችው። ቱቦውንና ማቀፊያውን አቋርጦ የተሰመረ ቀጭን መስመር ነው፤ አሁን ግን የቱቦው ግማሽ ከማቀፊያው ግማሽ ርቆ ወደ ሌላ ጎን ዞሯል።

«ያችን ክፍተት ማን ያውቃታል?»

«እኔ፣ እሱ፣ አስጠኚዋ። ባለ ፎቁም ያውቃታል፤ የጠባቸው ምክንያት እሷ አይደለች?»

«አንተ ዛሬ የት ነበርክ?»

«ጤና ጣቢያው ጣሪያ ላይ፣ ሌላ አንቴና ስተክል። ነርሶቹ ሁሉ ቆመው ያዩኝ ነበር፤ አንዷማ ‹ቶሎ በል› እያለች ነፍሴን አወጣችው።»

ሳጅኑ ሄዶ አጣራ፤ እውነት ነበር።

ባለ ፎቁ ሁለት ስልክ በሁለት እጁ የያዘ፣ ደረቱ ሰፊ ሰው ነው። መርማሪዋ ያላለቀው የላይኛው ፎቅ ላይ ድረስ ይዛው ወጣች። ነፋሱ የፕላስቲክ መጋረጃውን ያርገበግበዋል። ከዚያ ሲታይ የአናጢው ሰገነት እንደ ጠረጴዛ ተዘርግቷል።

«እኔ ዛሬ እዚህ ድርሽ አላልኩም» አለ ሳይጠየቅ።

እሷ ወለሉን አሳየችው። ዛሬ ጠዋት የፈሰሰው ሲሚንቶ ገና እርጥብ ነው፤ ጠርዙ ላይ ለስላሳ ሶል ያለው የጫማ ዳና ታትሟል። «ሠራተኞችዎ ቦቲ ነው የሚያደርጉት» አለች። ከዚያ ዓይኗን ወደሚያብረቀርቀው ጫማው አወረደች፤ ጠርዙ ላይ የደረቀ ሲሚንቶ ነበር።

ሰውየው ስልኮቹን ኪሱ ከተተ። «ይህ ፎቅ ፈቃድ የለውም። ስለዚህ ነው የዋሸሁት። ሰው አልገደልኩም።»

«አንገትህን እቆርጣለሁ ብለውታል።»

«ተናድጄ ነዋ! አፍ ብዙ ይላል።»

«እሱ ያየው እጅዎን ነው» አለች መርማሪዋ። «ዛሬስ እርስዎ ምን አዩ?»

ባለ ፎቁ ወደ ሰገነቱ ተመለከተ። «ቆሞ እጁን ያወናጭፋል። ንብ ያባረረችው ሰው ይመስላል። ማንም አጠገቡ የለም፤ ከታንከሩ ኋላ ሰው ካለም ከዚህ አይታይም። እብደት መሰለኝ። ስልክ ተደወለልኝ፣ ዞር አልኩ። ስመለስ ሰገነቱ ባዶ ነው። ወረደ ብዬ ሄድኩ። ኋላ ነው ጩኸቱን የሰማሁት።»

«እጁን እንዴት ነበር የሚያደርገው?»

«ምን አውቄ? የደጋገማት አንዲት ነገር አለች።»

«ያሳዩኝ።»

አፈረ። ግራና ቀኙን አይቶ አሳያት። አሳይቶ ሲጨርስ እንደገና አሠራችው፤ እንደገናም። ምን እንደሆነ እሷም አታውቅም፤ ግን በልቧ ያዘችው።

ማታው ሳይገባ ለልጁ ደወለች። ለሰው ሞት መንገር የማይለመድ ሥራ ነው፤ ነፋሱ የወሰደባትን ቃል እየደገመች ተናገረች።

«ትናንት አይቼዋለሁ እኮ» አለች ልጁ። «ከስንት ዘመን በኋላ እጁን ጥርት አድርጌ አየሁት። ጣቶቹ ሲንቀሳቀሱ አየሁ...» ለቅሶው አሸነፋት። ትንሽ ቆይታ ግን ማውራት ጀመረች። ረጅም ጊዜ ተናገረች፤ መርማሪዋም ሳታቋርጣት ግቢውን ከጫፍ ጫፍ እየተመላለሰች አዳመጠች። ሲያበቃ አንድ ነገር ብቻ ለመነቻት፤ ነገ መንገድ ከመጀመሯ በፊት በቪዲዮ እንድትገኝላት።

በማግስቱ ቴክኒሻኑ ብሎኑን ፈትቶ አንቴናውን ወደ እርሳሱ ምልክት መለሰው። አስጠኚዋ ግቢው ውስጥ ቆማ አረንጓዴውን ጨርቅ አነሣች። ከዚያ ሁሉም ሳሎን ገቡ። ባለ ፎቁ በር አጠገብ ቆመ። ጆሮ የአገዳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የአስጠኚዋ ኮምፒዩተር ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል፤ ስክሪኑ ላይ የሟች ልጅ፣ ጥቁር ሻርፕ ተከናንባ፣ ያለ ምንም መቆራረጥ ትታያለች። አጎቷን ስታይ አንገቷን ደፋች። እሱም ደፋ።

«አላቆያችሁም» አለች መርማሪዋ፤ ራሷ ግን አላረፈችም፤ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት እየተመላለሰች ተናገረች። «የተነገረን ታሪክ ይህ ነው፤ ኢንተርኔት ጠፋ፣ አናጢው ሊያስተካክል ወጣ፣ ወደቀ። ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ግን የተገለበጠ ነው። አስጠኚዋ የመውደቁን ድምፅ ስትሰማ ትምህርቱ ቀጥሎ ነበር። ተማሪው ጥያቄውን ጨረሰ፣ ታረመለት፣ ሌላ ጀመረ። ኔትወርኩ የጠፋው ከዚያ ወዲያ ነው። የተማሪው እናትም ይህንኑ ነግራኛለች። አናጢው ሲወድቅ አንቴናው ቦታው ላይ ነበር። የሞተ ሰው ደግሞ አንቴና አያዞርም።»

ሳጅኑ ጉሮሮውን ጠረገ። «ታዲያ ማን አዞረው?»

«እሱ ላይ እመጣለሁ። መጀመሪያ ለምን ዞረ? የሞተው ሰው ጠርዙ ላይ የቆመበት ምክንያት ያስፈልግ ነበር። አንቴና ሊያስተካክል ወጣ ቢባል ማንም አይጠይቅም። ስለዚህ አንድ ሰው፣ አስከሬኑ ታች ተኝቶ ሳለ፣ ቱቦውን በጉልበት ጠመዘዘው። ብሎን አልፈታም። ቴክኒሻን ቢሆን ይፈታ ነበር፤ ያውም ቴክኒሻናችን ጤና ጣቢያ ጣሪያ ላይ ነበር። ደግሞ ያ ሰው የት አዞረው? ኮረብታው ላይ ወዳለው ማማ። ለምን? ትክክለኛው አቅጣጫ እሱ ስለመሰለው። የተስተካከለ አንቴና ሊያስመስል ፈልጎ አበላሸው።»

«እኔስ ታዲያ እዚህ ምን አደርጋለሁ?» አለ ባለ ፎቁ።

«ይጠብቁኝ። አስጠኚዋ አቅጣጫውን ታውቃለች፤ ጨርቅ ያውለበለበችው እሷ ናት። ደግሞ ኔትወርኩ እስኪቆረጥ ድረስ ከስክሪኑ ፊት አልተነሣችም። ባለ ፎቁም ያውቃል፤ የተጣላውም በዚያች ክፍተት ነው። እሱ ቢሆን ወደዚያ ማማ ባላዞረው። በዚህ ግቢ አቅጣጫውን የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። አንቴናው ሲተከል ለቅሶ ሄዶ ነበር።»

ሁሉም ወደ አገዳው ወንበር ዞረ። ጆሮ አልተንቀሳቀሰም።

«‹ስልኩን ይዞ መጣ፣ ክቧ ትሽከረከር ነበር› ብለውኛል» አለች መርማሪዋ ቀረብ ብላ። «ስልኩ ከጠዋት ጀምሮ አስጠኚዋ ዘንድ ቻርጅ ላይ ነበር።»

«ተሳስቼ ይሆናል። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ሁሉን ያስታውሳል? ደግሞ ወንድሜን ለምን እገድላለሁ? ዕድሜዬን የሰጠሁት ለእሱ ነው! ጠብ የሰማ አለ? ይጠየቅ፣ ማን ሰማ?»

«ማንም አልሰማም። የእናንተ ጠብ ድምፅ የለውም።» ወደ ባለ ፎቁ ዞረች። «ያሳዩን፣ ጌታዬ። ትናንት ያሳዩኝን።»

ትልቁ ሰውዬ ፊቱ ቀላ። ከስክሪኑ ፊት ለፊት ቆመ። ቀኝ እጁን አንሥቶ ጆሮውን ያዘ። ከዚያ ሁለት ጣቱን አጣምሮ ጠመዘዘ። ከዚያ የግራ እጁን የቀለበት ጣት ነካ፣ እጁንም ደረቱ ላይ ጣለ። ትርጉሙን የማያውቀውን ነገር እንደ ሕፃን እየተንተባተበ፣ በወፍራም ጣቶቹ ደገመው።

ስክሪኑ ላይ ልጁ በሁለት እጇ አፏን ያዘች።

«ምንድነው?» አለች መርማሪዋ።

«ይህ ምልክት ሌላ ቤት የለም። የኛ ቤት ነው።» አለች ልጁ። «ጆሮ መያዝ የአጎቴ ስም ነው። የተጣመመ ጣት ውሸት ነው። ቀለበት ሠርግ ነው፤ እጅ ደረት ላይ ‹ልጄ› ነው። ‹ጆሮዬ፣ የልጄን ሠርግ ዋሸኸኝ› ነው የሚለው።»

በክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የጓሮው ቆርቆሮ ብቻ ሆነ።

«ይንገሯቸው» አለች መርማሪዋ።

«ሠርጌ ሲደርስ ስልክ ደወልኩ። ሁሌም የምደውለው ለአጎቴ ነው፤ እሱ ለአባዬ በእጁ ይነግርልኛል። ‹አባትሽ አልመጣም ብሏል፣ ባልሽን አልወደደውም፣ አንቺም እንዳትመጪ ብሏል› አለኝ። ከዚያ በኋላ ስንቴ ለመንኩት። ‹አባዬን እኔ ዘንድ ላምጣው፣ አብረን እንኑር› አልኩ። ‹አይፈልግሽም› አለኝ። ከትናንት በስቲያ አስጠኚዋ በቪዲዮ አገናኘችን። አባዬ መጀመሪያ የጠየቀኝ ምን መሰላችሁ? ‹ደንቆሮ አባት አሳፍሮሽ ነው ከሠርግሽ ያስቀረሽኝ?› አለኝ። አጎቴ እንደዚያ ነው የነገረው። ሁለታችንም ስናለቅስ አመሸን። ከዚያ ‹እኔ ራሴ እጠይቀዋለሁ፣ አንቺ አትናገሪው› አለኝ።»

ጆሮ ከወንበሩ ተነሣ። ሳጅኑ ካቴናውን ከወገቡ ፈታ፤ መርማሪዋ የሳጅኑን ክንድ ይዛ አስቆመችው። ጆሮ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣውም። ከዚያ እጆቹ ተነሡ። ፊቱን ወደ ስክሪኑ አድርጎ፣ በእጁ ማውራት ጀመረ። ፈጣን ነበር፤ ጣቶቹ ይጋጫሉ፣ ይሰበራሉ፣ እንደገና ይነሣሉ። ልጁ እንባዋ እየወረደ፣ እሱ የሚለውን ቃል በቃል ታሰማቸው ጀመር።

«‹እናታችን ስትሞት፣ የወንድምህ ጆሮ ነህ፣ እንዳትለየው አለችኝ። አልተለየሁትም። ላገባት የነበረችው ሴት፣ ወንድምህን ትተህ ና ስትለኝ እሷን ተውኩ። አንቺ ደግሞ መጥተሽ ልትወስጂው ነው። እሱ ሲሄድ እኔ የማን ጆሮ ልሁን? አንድ ጊዜ ዋሸሁ። ከዚያ የመጀመሪያውን ለመሸፈን ሁለተኛውን ዋሸሁ።›»

እጆቹ አፍታ ቆሙ። ከዚያ ቀስ ብለው ቀጠሉ።

«‹ሰገነት ላይ ወስዶ ጠየቀኝ። ሁሉን ነገርኩት። ይቅር በለኝ አልኩት። ፊቱን አዞረብኝ። ጀርባውን ሲሰጠኝ እኔ አፍ የለኝም። ጮኼ አላስቆመው። ትከሻውን ያዝኩ፤ እንዲያየኝ ብቻ ነበር። አላይህም ብሎ እጄን ወረወረው። ገፋሁት። ገፋሁት።›» ልጁ ትንፋሽ ወሰደች። «ሁለት ጊዜ ነው ያለው። ‹አንድ ጊዜ እንዲዞር፣ አንድ ጊዜ በንዴት›።»

አስጠኚዋ ፊቷን በእጇ ሸፍና ወጣች። ባለ ፎቁ ጣቶቹን ያያል።

ሳጅኑ በሹክሹክታ «ልሰረው?» አለ።

«ይጨርስ። እጁን ካሰርክ አፉን አሰርክ።»

ጆሮ ግን ጨርሶ ነበር። ቆሞ ጠበቀ። ልጁ ከስክሪኑ ማዶ ዓይኗን ጠረገች፣ እጆቿንም አነሣች። በዚህ ጊዜ አልተናገረችም፤ ምልክቱ አጭር ነበር፤ በክፍሉ ውስጥ ካሉት ሁሉ የገባው አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ምን አለችዎት?» አለች መርማሪዋ።

ሰውየው ወደ ስክሪኑ አየ። የፈለገውን ቢል ከልጁ በቀር ማንም አያውቅበትም ነበር።

«‹ነገ አባቴን ልቀብር እመጣለሁ› አለች። ‹አንተ ቀብሩ ላይ እንዳትቆም።›»

መርማሪዋ ወደ ስክሪኑ ዞረች።

«ትክክል ነው» አለች ልጁ።

ጆሮ ሁለት እጆቹን ለሳጅኑ ዘረጋ።